በየስንት ኪሎ ሜትሩ?

የብስክሌት ሰንሰለት በየስንት ጊዜው ዘይት ይነካዋል ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልስ የሚያጣ የለም። ዘይት አምራቾችና የብስክሌት መመሪያዎች ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 300 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ አንዱን ቁጥር ይጠራሉ። ለውድድር የሚለማመደው ከእያንዳንዱ ረጅም ጉዞ በኋላ ይላል። በብስክሌቱ ዕቃ የሚያመላልስ ሰው ደግሞ ዘይት ትዝ የሚለው ሰንሰለቱ ሲጮህ ነው። መልሶቹ እርስ በርሳቸው እጅግ ይራራቃሉ፤ ያም ሆኖ እያንዳንዱ መልስ ለተናገረው ሰው ሳይሠራለት አልቀረም። እንዲህ ሲሆን ከመልሶቹ አንዱን ከመምረጥ በፊት ጥያቄው በትክክል መቅረቡን መጠራጠር ይሻላል። እኔ እንደማምነው ሰንሰለት ዘይት የሚጠይቀው በገባበት ቆሻሻና በነካው ውሃ ልክ ነው፤ የተጓዘው ርቀት ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነገር ነው። ይህ እውነት ከሆነ ብዙ ሰው መስማት የማይወደው አንድ ነገር አብሮ ይመጣል። ሳይወለወል በላይ በላዩ ዘይት የሚፈስበት ሰንሰለት፣ ዘይት የተረሳውን ሰንሰለት ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል።

መጀመሪያ ዘይቱ የት እንደሚሠራ እንይ። ሰንሰለቱን አንስቶ አንዷን መገጣጠሚያ ብቻ ጠጋ ብሎ ለሚመረምር፣ ቀድመው የሚታዩት የጎን ብረቶቹ ናቸው፤ ሁለት በውጭ፣ ሁለት በውስጥ፣ ሁሉም ወገባቸው ላይ የጠበቡ። በመካከላቸው ጥርሱ ላይ የሚያርፈው ተሽከርካሪ ቀለበት አለ፤ በጥፍር ገፋ ሲያደርጉት ይዞራል። በቀለበቱ ውስጥ ለውስጥ ደግሞ ውፍረቱ አራት ሚሊ ሜትር የማይሞላ ፒን ያልፋል። ፒኑ ከውጪዎቹ ብረቶች ጋር ተጠብቆ የተያያዘ ስለሆነ አይንቀሳቀስም፤ የሚሽከረከሩበት የውስጦቹ ብረቶች ናቸው። ሰንሰለቱ ጥርስ ላይ ሲጠመጠምና ሲላቀቅ የሚታጠፈው በዚህች ቦታ ነው፤ የእግራችን ጉልበትም የሚያርፈው እዚሁ ነው። ይህን አሠራር የስዊዘርላንድ ተወላጁ ሃንስ ሬኖልድ እ.ኤ.አ. በ1880 በማንቸስተር የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል፤ የዛሬዎቹ ባለ ብዙ ማርሽ ሰንሰለቶች ቀጥነዋል፣ አንዳንድ ክፍላቸውም ቀርቷል፣ መሠረቱ ግን ያው ነው። ከውጭ የምናየው፣ እጅ የሚያጠቁረውና ሱሪ የሚያበላሸው ዘይት በዚህ ሥራ ውስጥ ምንም ድርሻ የለውም ማለት ይቻላል። ሥራ ያለው፣ በብረቶቹ መካከል ባለችው ቀጭን ክፍተት ሰርጎ ፒኑ ጋ የደረሰው ብቻ ነው። ውጪው ላይ የሚቀረው ዝገትን ከመከላከል ያለፈ ጥቅም የለውም፤ ጉዳቱን ወደ ኋላ እናየዋለን።

ያቺ ቦታ ምን ያህል እንደምትሠራ በቀላል ሒሳብ ማወቅ ይቻላል። ፔዳሉ ጋ 44፣ ኋላ 18 ጥርስ ያለው፣ ጎማው በአንድ ዙር 2.1 ሜትር የሚሄድ ተራ ብስክሌት እንውሰድ፤ ሰንሰለቱ 110 መገጣጠሚያ ይኑረው። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ብስክሌቱ አምስት ሜትር ያህል ይሄዳል፣ ሰንሰለቱም 44 መገጣጠሚያ ያህል ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ሰንሰለቱ አንድ ሙሉ ዙር የሚጨርሰው በ13 ሜትር ገደማ ነው፤ በአንድ ኪሎ ሜትር ወደ 80 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ዙር እያንዳንዷ መገጣጠሚያ የፊቱ ጥርስ ላይ ስትወጣ ትታጠፋለች፣ ስትወርድ ትዘረጋለች፤ ኋላም እንደዚያው። በኪሎ ሜትር ከ300 ጊዜ በላይ መሆኑ ነው። ማርሽ ያለው ብስክሌት ኋላ ላይ ሰንሰለቱን የሚወጥሩ ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ስላሉት ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል። አንዱ ሰንሰለት 300 ኪሎ ሜትር ሄደ ስንል እያንዳንዷ ፒን ከመቶ ሺህ እስከ ሁለት መቶ ሺህ ጊዜ ብረት ከብረት ጋር ተፋትጋለች ማለታችን ነው።

ይህ ፍትጊያ የሚበላው ብረት መጠን ደግሞ ሊታመን የማይችል ትንሽ ነው። ሰዎች ሰንሰለቱ «ተለጠጠ» ይላሉ፤ የጎን ብረቶቹ ግን አልተለጠጡም። ፒኑና የሚሽከረከርበት ቀዳዳ ስለሚበሉ መገጣጠሚያዋ ትላላለች፣ የመቶ አሥሩ መላላት ሲደመር ሰንሰለቱ ይረዝማል። ከአንዱ ፒን መሃል እስከ ቀጣዩ ፒን መሃል ያለው ርቀት ሲሠራ 12.7 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ግማሽ ኢንች ነው። ይህ ርቀት በግማሽ ከመቶ ሲያድግ፣ በተለይ 11 እና 12 ማርሽ ላላቸው ብስክሌቶች፣ ሰንሰለቱ ይለወጥ ይባላል። የ12.7 ሚሊ ሜትር ግማሽ ከመቶ ስንት ነው? ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ስድስት ያህል፤ የአንድ ዘለላ ጠጉር ውፍረት። አንድን ሰንሰለት ከአዲስነት ወደ ቆሻሻ ቅርጫት የሚያደርሰው ይህች ብቻ ናት። የአቧራ ቅንጣት ለዓይን የማይገባ ቢመስልም ከዚህ ልክ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ አካል ነው። በመንገድ አቧራ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኳርትዝ ደግሞ ተራውን ብረት ይጭራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያነሣው ሐሳብ አለ፤ ሰንሰለትን የሚጨርሰው ጉልበት ነው፣ ጠንካራ ጋላቢና ዳገታማ አገር ነው የሚል። ጉልበት ድርሻ የለውም አይባልም። ነገር ግን ተመሳሳይ አሠራር ያላቸው ሰንሰለቶች አቧራ በማይደርስበት ቦታ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆዩ ማየት ክርክሩን ይፈታዋል። በቺንጋ ፈንታ ሰንሰለት በገባባቸው የመኪና ሞተሮች ውስጥ፣ ያ ሰንሰለት ከየትኛውም ብስክሌት በላይ በፍጥነት እየዞረ፣ እየጋለም፣ ዘይቱ በጊዜው ከተቀየረ ከመቶ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ያገለግላል፤ የብስክሌቱ ግን ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ያበቃል። ልዩነቱ የሞተሩ ሰንሰለት በተዘጋ ቤት ውስጥ፣ በተጣራ ዘይት እየታጠበ መኖሩ ነው። የሞተር ብስክሌት ሰንሰለቶችም ምስክር ናቸው፤ በፒኖቹ ዳርና ዳር የጎማ ቀለበት ገብቶ ግሪሱን ከውስጥ ያሸገባቸው፣ ያ ቀለበት ከሌላቸው በብዙ ይቆያሉ። ብስክሌት ራሱም ይህን መንገድ ሞክሮታል። በእንግሊዝ ዎልቨርሃምፕተን የጆን ማርስተን ፋብሪካ ያወጣቸው የሰንቢም ብስክሌቶች የታወቁት ሰንሰለቱን ሙሉ በሙሉ ከድኖ በትንሽ የዘይት ገንዳ ውስጥ በሚያሳልፍ ሽፋን ነበር። ዛሬም በኔዘርላንድ ብዙ የከተማ ብስክሌቶች ሰንሰለታቸው የተከደነ ነው፤ ዓመት እስከ ዓመት ዝናብ ላይ ቆመው ያድራሉ፣ ባለቤቶቻቸውም ዘይት ስለመቀባት ብዙም አይጨነቁም፣ ሰንሰለቱ ግን ዓመታት ይቆያል። ፔዳል የሚመታው እግር ያው የሰው እግር ነው፤ የተለየው ክዳኑ ነው። «ዘ ባይስክል ዊል» የተባለውን መጽሐፍ የጻፈው መሐንዲስ ጆብስት ብራንት ሰንሰለትን የሚበላው በዋናነት የገባበት ቆሻሻ እንደሆነ አጥብቆ ይከራከር ነበር፤ ከላይ ያሉት ማስረጃዎች ሁሉ ከእሱ ጋር ናቸው።

ጠላቱ አቧራ ከሆነ ዘይት ሁለት ፊት ያለው ነገር ሆኖ እናገኘዋለን። ወደ ፒኑ ሲገባ ብረትን ከብረት ይለያል። በዚያው ጊዜ ግን ውጪው ላይ ያለውን አቧራ አርጥቦ፣ ተሸክሞ፣ ብቻውን ሊገባ ወደማይችልበት ክፍተት ያደርሰዋል። ጋራዥ ውስጥ የሞተር ቫልቭ ከመቀመጫው ጋር አልገጥም ሲል መካኒኩ የሚቀባው ነገር አለ፤ የሚሞርድ ዱቄት በግሪስ ተለውሶ የተዘጋጀ ነው። እዚያ ላይ ሥራው ብረትን አመጣጥኖ መብላት ነው፣ ይበላልም። አቧራ በጠጣ ሰንሰለት ላይ ዘይት ማንጠባጠብ ይህንኑ ልቁጥ በራስ ብስክሌት ላይ ማዘጋጀት ነው። «ዘይት ቢበዛ ምን ይጎዳል?» ለሚለው መልሱ ይኸው ነው። በየሳምንቱ ሳይወለውል የሚቀባ ሰው በየሳምንቱ አዲስ አቧራ ወደ ፒኑ ይጋብዛል፤ ሰንሰለቱ ጸጥ ብሎ ስለሚሄድ ደግሞ ደኅና የሆነ ይመስለዋል። ጸጥታው ሊያታልል ይችላል። ሲጥ ሲጥ የሚል ደረቅ ሰንሰለት ቢያንስ ችግሩን ይናገራል፤ ጥቁር ጭቃ የተለቀለቀው ግን ድምፅ ሳያሰማ ይበላል።

ከዚህ ሁሉ ተቃራኒ የሚመስል አንድ ጥናት አለ፣ ሳይነሡት ማለፍም አይገባም። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲው ጄምስ ስፓይሰርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ ባደረጉት ሙከራ፣ ሰንሰለቱ ከፔዳል የተቀበለውን ጉልበት ምን ያህሉን ወደ ኋላ ጎማ እንደሚያደርስ ለኩ። በተመቸው ሁኔታ 98.6 ከመቶ ደርሷል፤ በከፋው ደግሞ ወደ 81 ከመቶ ወርዷል። ልዩነቱን ያመጡት በዋናነት የጥርሶቹ መጠንና የሰንሰለቱ ውጥረት ነበሩ፤ ትልልቅ ጥርስና የተወጠረ ሰንሰለት ይሻላል። የሚያስገርመው ሌላው ውጤት ነው፤ የቅባቱ ዓይነት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። እንግዲህ ዘይት ምን ያደርጋል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሙከራው የተሠራው በንጹሕ ክፍል ውስጥ በንጹሕ ሰንሰለት ነው፤ የለካውም በዚያች ሰዓት የሚባክነውን ጉልበት እንጂ በወራት ውስጥ የሚበላውን ብረት አይደለም። ስፓይሰር ራሱ የቅባት ዋና ጥቅም ቆሻሻን ከመገጣጠሚያው ማራቅ ሊሆን እንደሚችል ተናግሯል። ስለዚህ ጥናቱ ክርክሬን ከማፍረስ ይልቅ ያግዘዋል ባይ ነኝ። አቧራና ውሃ በሌለበት ዘይት ይህን ያህል ካልፈየደ፣ ዘይት የሚያስፈልገን በአቧራና በውሃ ምክንያት ነው ማለት ነው፤ የጊዜውን ልክ መወሰን ያለባቸውም እነሱ ናቸው።

ታዲያ በየስንት ጊዜው? ለደረቅና ንጹሕ አስፋልት ከ200 እስከ 300 ኪሎ ሜትር የሚለው የተለመደ ምክር መጥፎ መነሻ አይደለም። ግን የባሕር ዳር ወይም የሐዋሳ ነዋሪ አስፋልቱን ትቶ አቧራማ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ሲይዝ ያ ቁጥር ዋጋ የለውም። በበጋ፣ መኪና ባለፈ ቁጥር ደመና በሚነሣበት መንገድ ላይ የሚውል ሰንሰለት በየቀኑም ቢሆን በደረቅ ጨርቅ ቢጠረግ አይበዛበትም፤ ዘይቱን ግን ከመቶ ኪሎ ሜትር ወዲህ ማዘውተር ትርፉ ጥቂት ነው። መጥረግ ይብዛ፣ መቀባት ይነስ። ክረምት ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ የመታው ሰንሰለት ሁለት ኪሎ ሜትርም ይሂድ ሃያ፣ የቀባነው ዘይት ታጥቦለታል ብሎ መነሣት ነው የሚያዋጣው፤ እርጥብ ሆኖ ካደረ ጠዋት ላይ ቀይ ዝገት ብቅ ይላል። ስለዚህ ከዝናብ በኋላ የዚያኑ ዕለት ማታ ማድረቅና መቀባት ነው። ዋልካ ጭቃ ከገባበት ደግሞ መጀመሪያ ጭቃው መልቀቅ አለበት። በሚኒያፖሊስ ወይም በስቶክሆልም በበረዶ ወራት ብስክሌት የሚነዳ ወገናችን ከሁሉም የባሰ ነገር ይገጥመዋል፤ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ዝገትን ያፋጥናል፣ ስለዚህ እሱ ኪሎ ሜትር መቁጠሩን ትቶ ከእያንዳንዱ እርጥብ ጉዞ በኋላ ሰንሰለቱን ያያል።

«ሲጮህ እቀባለሁ» የሚለው መመሪያ ከኪሎ ሜትሩ ይሻላል፣ ቢያንስ የሚያዳምጠው ሰንሰለቱን ራሱን ነውና። ጉድለቱ መዘግየቱ ነው። ሲጥ ሲጥ ማለት የሚጀምረው ፒኑ ላይ ዘይት ካለቀ በኋላ ነው፤ በኪሎ ሜትር ከ300 ጊዜ በላይ የሚታጠፍ ነገር ለሳምንት ሲጮህ ምን ያህል ብረት እንደሚሄድ ከላይ ያለው ሒሳብ ይነግረናል። ከጩኸቱ በፊት የሚመጣ ሌላ ድምፅ አለ፤ ጸጥ ባለ መንገድ ላይ ደረቅ፣ ብረት ብረት የሚል ሹክሹክታ። ይህን የለመደ ጆሮ ከማንኛውም ቁጥር የተሻለ መሪ ነው። ጣትም ይረዳል፤ ሰንሰለቱን ከተቀባ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲነኩት ትንሽ ቅባት ትቶ የሚያልፍ ከሆነ ደኅና ነው፣ ጥቁርና የሚኮረኩር ነገር ከተለጠፈ መወልወል ጠይቋል፣ ደርቆ ከዛገ ጊዜው አልፏል።

አቀባቡ ከድግግሞሹ አይተናነስም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ «ቶሎ ቶሎ ደረቀብኝ» የሚባለው ሰንሰለት ቀድሞውንም ዘይቱ ውስጡ አልገባም። ሰንሰለቱ መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ይያዝና ፔዳሉ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ጨርቁ እየጠቆረ ሲሄድ በንጹሑ ጎኑ ይቀጠላል። ከዚያ የታችኛው የሰንሰለት መስመር ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ለእያንዳንዱ ቀለበት አንድ ጠብታ። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ሲሪንጅ ለዚህ ከማንኛውም ውድ ጠርሙስ አያንስም። አንድ ጠብታ የሚሊ ሊትር ሃያኛ ገደማ ስለሆነ ለ110ሩ መገጣጠሚያ የሚበቃው ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ የፈሰሰው ሁሉ ለወለሉና ለሱሪው ነው። ፔዳሉን ጥቂት ደቂቃ ወደ ኋላ ማዞር፣ ከተቻለ አሳድሮ መተው፣ በመጨረሻም ውጪውን በሌላ ጨርቅ ዘይት እስከማይታይ ድረስ መጥረግ። ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ አሁን የቀባሁትን ለምን እጠርገዋለሁ ይላል። የሚጠርገው ግን ሥራ የሌለውን ዘይት ነው፤ ሥራ ያለው ውስጥ ገብቷል፣ ጨርቅም አይደርስበትም። ማታ ቀብቶ ጠዋት መንዳት ቀብቶ ወዲያው ከመንዳት ይሻላል፣ ዘይቱ ለመስረግ ጊዜ ያገኛልና። በኃይል የሚረጭ የመኪና ማጠቢያ ውሃ ግን ቆሻሻውን ከነውሃው ወደ መገጣጠሚያው ይገፋዋል።

ስለ ዘይቱ ዓይነት በአጭሩ። ሰርጎ ለመግባት የሚቀጥን፣ ገብቶም ለመቆየት የማይተን መሆን አለበት፤ ለሰንሰለት ተብሎ የተሠራ ዘይት ካለ እሱ፣ ከሌለ ንጹሕ የሞተር ዘይት ከብዙ ነገር ይሻላል። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በደንብ ይገባል፣ ግን ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይሄዳል። ግሪስ በተቃራኒው ውጪ ላይ ተለጥፎ አቧራ ይሰበስባል እንጂ አይገባም። ከጋራዥ በነፃ የሚገኘው የተቃጠለ ዘይት ብዙ ደጋፊ አለው፣ ነፃ መሆኑም ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ያ ዘይት ከሞተሩ የወጣው ጥላሸትና የብረት ፍቅፋቂ ስለያዘ ነው፤ አቧራን ከሰንሰለት ለማራቅ ስንታገል አስቀድሞ በቆሸሸ ነገር መጀመር ልፋቱን ከንቱ ያደርገዋል፣ ለቆዳም አይበጅም። ደብሊውዲ-40 የሚባለውና ብዙዎች በእጃቸው ያለው ሰማያዊ ቆርቆሮም እ.ኤ.አ. በ1953 የተሠራው ውሃን ከብረት ላይ ለማባረር ነው፤ አብዛኛው የሚተን ፈሳሽ ስለሆነ የዛገን ለማላቀቅና ለማጽዳት ይረዳል፣ ከዚያ በኋላ ግን እውነተኛ ዘይት ካልተከተለ ሰንሰለቱ ከነበረበት ይልቅ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። በላምባ መዘፍዘፍም እንደዚሁ ነው፤ ውስጥ የነበረውን ቅባት አውጥቶ ስለሚያጥብ፣ ላምባው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ የተቀባ ዘይት ቀጥኖ ይፈስሳል። በቀለጠ ፓራፊን ሰም መንከር ለአቧራማ አገር የተስማማ ዘዴ ነው፤ ሰሙ ሲቀዘቅዝ ደረቅ ስለሆነ አቧራ ብዙ አይዝም። ሰንሰለቱን ማውለቅ ይጠይቃል፣ ዝናብ ሲመጣም ከዘይት ፈጥኖ ይሸነፋል፤ ሰሙም ቀጥታ እሳት ላይ ሳይሆን በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ውስጥ ነው የሚቀልጠው፣ አለዚያ ሊቀጣጠል ይችላል።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «ሰንሰለት እኮ ርካሽ ነው፣ ሲያልቅ እለውጠዋለሁ» የሚል ሰው ሞኝ አይደለም። ከብስክሌቱ ዋጋ አንጻር ሰንሰለቱ ትንሽ ወጪ ነው፤ የሰውም ጊዜ ዋጋ አለው። ችግሩ የረዘመ ሰንሰለት ብቻውን አለመሞቱ ነው። ርቀቱ ከጥርሶቹ ርቀት ጋር አልገጥም ሲል ወደ ጥርሶቹ ጫፍ እየወጣ ይጎትታቸዋል፣ እነሱም እየተበሉ እንደ ማጭድ ይጎብጣሉ። በዚህ ጊዜ አዲስ ሰንሰለት ቢገዛ በአሮጌው ጥርስ ላይ ይዘላል፤ በተለይ ዳገት ላይ ቆሞ ሲረገጥ ድንገት ሸርተት ማለቱ ሰው ይጥላል። ኋላ ያሉት ጥርሶች፣ አንዳንዴም የፊቱ፣ አብረው ይለወጣሉ፤ ባለ ብዙ ማርሽ ከሆነ ወጪው የሰንሰለቱን ብዙ እጥፍ ይሆናል፣ ዕቃውም በሁሉም ከተማ አይገኝም። በጊዜው ሰንሰለቱን ብቻ የሚለውጥ ሰው በአንድ ስብስብ ጥርስ ላይ ሁለትና ሦስት ሰንሰለት ሊያሳልፍ ይችላል። አንድ ማርሽ ብቻ ያለው፣ ወፍራም ሰንሰለት የገባለት የዕቃ ብስክሌት ግን ይህን ያህል ስስ አይደለም፤ ለእሱ «ሲያልቅ እለውጣለሁ» የሚለው ሒሳብ ብዙውን ጊዜ ያዋጣል ብዬ እቀበላለሁ።

ክርክሩን በራስ ብስክሌት ላይ ለመፈተን የሚያስፈልገው ተራ የ30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ ነው። ሰንሰለቱን ፔዳሉን ጫን አድርጎ መወጠር፣ ዜሮውን ከአንዱ ፒን መሃል ማስገጠም፣ ከዚያ 20 መገጣጠሚያ ቆጥሮ የሃያኛውን ፒን መሃል ማንበብ። አዲስ ሰንሰለት ልክ 254 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 10 ኢንች ይሆናል። 255ን አልፎ ሩብ ያህል ሲጨምር ግማሽ ከመቶ ሞልቷል፤ 256 ሲደርስ የማንኛውም ባለ ብዙ ማርሽ ብስክሌት ሰንሰለት ጊዜው አልቋል። መለኪያው የሚጠቅመው ለመለወጥ ብቻ አይደለም። የቅባቱን ልማድ ትክክለኛነት የሚያሳየውም እሱ ነው። የሚቀባበትን ቀን ሳይለውጥ መወልወልን ብቻ የጨመረ ሰው፣ ቀጣዩ ሰንሰለት 255 ላይ ለመድረስ ከቀደመው የበለጠ ርቀት ከወሰደበት መልሱን አግኝቷል፤ ምንም ካልተለወጠ የእሱ መንገድ ሌላ ነገር ይፈልጋል፣ ምናልባት የሚቀባበት ቀን ሩቅ ነው ወይም ዘይቱ አይገባም።

አዲስ የተገዛ ሰንሰለት ላይ ግን ለጥቂት ሳምንታት መልሱ «ምንም» ነው። አምራቹ ፒኖቹ ውስጥ ያስገባው ቅባት እኛ በኋላ ከውጭ በጠብታ ከምናደርሰው የተሻለ ቦታ ይዟል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ያረፈው የታወቀው አሜሪካዊ የብስክሌት ባለሙያ ሼልደን ብራውንም ይህን ቅባት አጥቦ ማውጣት ስህተት ነው ይል ነበር። የሚጣበቀውን የውጪውን ክፍል በጨርቅ ጠርጎ፣ ውስጡን ሳይነኩ፣ የመጀመሪያው ዝናብ እስኪመታው ወይም ያ ደረቅ ሹክሹክታ እስኪሰማ መንዳት ነው። ሰም ለመጠቀም የወሰነ ሰው ብቻ ይህን ቅባት ገና ከመጀመሪያው በቤንዚን ወይም በሌላ ማጠቢያ አጥቦ፣ አድርቆ፣ አንድም ቅባት ሳያስቀር ማውጣት ይኖርበታል፤ ሰም ቅባት ባለበት ብረት ላይ አይዝም።